ማ ሮበርት፦ የሜሪ ሊቪንግስተን ሕይወት



ዴቪድ ሊቪንግስተን የሚለውን ስም ብዙዎቻችን ከትምህርት ቤት የታሪክ ክፍለ ጊዜ እናስታውሰዋለን። አፍሪካን ከዳር እስከ ዳር በእግሩና በበሬ ጀርባ ያቋረጠ፣ የዛምቤዚን ወንዝና ታላቁን ፏፏቴ ለአውሮፓ ያስተዋወቀ ሚስዮናዊና ሐኪም ነው። ሚስቱን ግን ብዙዎቻችን በስም እንኳ አናውቃትም። በዚህ እትም የማቀርብላችሁ የእሷን ታሪክ ነው።

ይህን ታሪክ የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከመካከላችን ልጅ አዝለው ወደ ሰው አገር የሄዱ እህቶች አሉ፤ ለመሄድ ጉዳያቸውን የጀመሩም አሉ። ስንሸኛቸው የምንሰጋው ስለ አገሩ አየር፣ ስለ ምግቡ፣ ስለማያውቁት በሽታና ስለማያውቁት ሕዝብ ነው። ሜሪ ሊቪንግስተን ትናንሽ ልጆቿን ይዛ አንበሳና ዝሆን ባለበት፣ ውሃ በሌለበት በረሃ ሁለት ጊዜ ተጉዛለች። ይሁን እንጂ ሕይወቷን በቅርብ ስናየው መንፈሷን የሰበረው በረሃው አልነበረም። ምን እንደነበረ ከታሪኳ እንየው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቷ

ሜሪ ሞፋት የተወለደችው ኤፕሪል 12 ቀን 1821 ግሪኳታውን በሚባል ቦታ፣ በዛሬዋ ደቡብ አፍሪካ ነው። አባቷ ሮበርት ሞፋት ስኮትላንዳዊ ሚስዮናዊ ነበሩ፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ሴትስዋና ቋንቋ የተረጎሙት እሳቸው ናቸው። እናቷም ስማቸው ሜሪ ነበር። ልጅቷ ያደገችው ኩሩማን በሚባለው የሚስዮን ጣቢያ ነው። ሴትስዋናን እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋ ትናገር ነበር፤ የአገሩን ሰው ባህልና ይሉኝታ፣ የዱሩን ፍሬና ሥር፣ የትኛው እባብ እንደሚገድል ሁሉ አውቃ አደገች። መልኳ እንግሊዛዊ ቢሆንም አገሬ የምትለው ያንን ደረቅ ምድር ነበር።

ልጆች ይዞ አገር ማቋረጥ የሚያስከፍለውን ዋጋ ቀድማ ያየችው በራሷ እናት ላይ ነው። በ1839 ቤተሰቡ ወደ ብሪታንያ ሊጓዝ ኬፕታውን ላይ መርከብ ሲሳፈር እናቷ ነፍሰ ጡር ነበሩ። መርከቡ ላይ ኩፍኝ ገባ። እናቷ እዚያው ሴት ልጅ በተገላገሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ የ6 ዓመት ወንድሟ ሞተ። ያኔ ሜሪ የ18 ዓመት ወጣት ነበረች።

ቤተሰቡ በ1843 መጨረሻ ወደ ኩሩማን ተመለሰ። ሜሪ በጣቢያው የሕፃናት ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረች። በ1844 ሊቪንግስተን ማቦትሳ በሚባል መንደር አንበሳ ዘሎ የግራ ክንዱን አጥንት ሰባበረው። ለማገገም ወደ ኩሩማን መጣ፤ ከሜሪ ጋር የተጫጩትም በዚያ ጊዜ ነው። በጃንዋሪ 1845 ተጋቡ።

ኮሎቤንግ

ባልና ሚስቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሦስት ጊዜ ጎጆ ቀለሱ፤ መጀመሪያ ማቦትሳ፣ ቀጥሎ ቾኑዋኔ፣ ከ1847 ጀምሮ ደግሞ ኮሎቤንግ። ኮሎቤንግ የሚገኘው በዛሬዋ ቦትስዋና፣ ከጋቦሮኔ ከተማ ብዙም በማይርቅ ቦታ ነው። አካባቢው ባክዌና የሚባለው ሕዝብ የሚኖርበት ሲሆን አለቃቸው ሴቼሌ ይባል ነበር።

በአቅራቢያቸው ሱቅ የሚባል ነገር አልነበረም። ሳሙና ካስፈለገ ሜሪ ከተቃጠለ ተክል አመድ አውጥታ ከስብ ጋር ለሳምንታት ትቀቅላለች። ሻማ ካስፈለገ ሞራ አቅልጣ ታፈሳለች። ቅቤውን የምትንጠው ራሷ ናት። ዳቦ ለመጋገር ትልቅ የምስጥ ኩይሳ ይቦረቦርና ውስጡ እሳት ይነድበታል፤ ሲግል ፍሙ ይጠረጋል፤ ሊጡ ይገባና አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ይዘጋል። ምጣድ ከጭቃ ሠርቶ ማሟሸት ለሚያውቅ የእኛ አገር ሴት ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ትምህርት ቤቷ ይከፈታል። እስከ 100 የሚደርሱ ሕፃናት ይመጡላት ነበር። በሌሎቹ ቀናት ልጃገረዶችን ልብስ ስፌት ታስተምራለች። ይህን ሁሉ የምትሠራው በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ እየወለደች ነው። ሮበርት በ1846፣ አግነስ በ1847፣ ቶማስ በ1849 ተወለዱ።

እዚያ አገር እናትን በበኩር ልጇ ስም መጥራት ወግ ነው፤ እኛም የእገሌ እናት እንደምንለው። ስለዚህ ሜሪ ማ ሮበርት፣ ማለትም የሮበርት እናት ተባለች። ይህ ስም በአካባቢው ሰው ዘንድ የተከበረ ነበር፤ በኋላም ባሏ በዛምቤዚ ላይ ላንቀሳቀሳት የእንፋሎት ጀልባ መጠሪያ ሆኗል።

ከዚያ ድርቅ መጣ። ዝናቡ ከዓመት ዓመት ጠፋ፤ መስኖ ያጠጡበት የነበረው የኮሎቤንግ ወንዝም ደረቀ። ወንዶቹ ለአደን፣ ሴቶቹ ሥራ ሥር ለመቆፈር ወደ ዱር ወጡ። የሊቪንግስተን ቤተሰብም ተራበ። ሴቼሌ በሬ ባረደ ቁጥር ከፍርንባው ቆርጦ ይልክላቸው ነበር። ልጆቹ አንበጣ ይበሉ ነበር፤ ዝናብ ሲጥል ከጉድጓድ የሚወጣውን ትልቅ እንቁራሪትም በጉጉት ይበሉ ነበር። ይህን የሚያነብ ሰው ፊቱን ሊያጨማድድ ይችላል፤ ለእነዚያ ልጆች ግን የሰፈራቸው ምግብ ነበር።

ያ ኑሮ ከባድ እንደነበር ማንም አይክድም። ነገር ግን ሜሪ በኮሎቤንግ ምን እንደነበራት ልብ በሉ። ቋንቋው የራሷ ነው። ሥራዋ በየቀኑ ይታያል፤ ቢጎድል ቤቱ ይቆማል። ጎረቤቶቿ ያውቋታል። ሲቸግራት ከፍርንባ ቆርጦ የሚልክ ሰው አላት።

በረሃውን ማቋረጥ

በ1849 ሊቪንግስተን ከአዳኝ ጓደኞቹ ጋር ካላሃሪን አቋርጦ ንጋሚ ሐይቅን አየ። በ1850 ደግሞ ሜሪንና ሦስቱን ልጆች በበሬ ሠረገላ ጭኖ እንደገና ተነሣ። ትልቁ ልጅ 4 ዓመቱ ሲሆን ትንሹ ገና አንድ ዓመት አልፎት ነበር፤ ሜሪም ነፍሰ ጡር ነበረች። ሐይቁ ጋ ደረሱ፤ ልጆቹም እንደ ዳክዬ ጫጩት ውሃው ውስጥ ተንቦጫረቁ። ወዲያው ግን የወባ ትኩሳት ጣላቸውና ለመመለስ ተገደዱ።

ኮሎቤንግ እንደተመለሱ በኦገስት ኤልሳቤጥ የምትባል ሴት ልጅ ተወለደች። በመንደሩ የገባው የሳንባ በሽታ ጨቅላዋንም ያዛትና በ6 ሳምንቷ ሞተች። ሜሪ ራሷ በግማሽ ፊቷ ላይ የመስነፍ ሕመም ገጠማት፤ ለማገገም ወደ ወላጆቿ ኩሩማን ሄደች።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1851፣ ሊቪንግስተን ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ሰሜን ሲነሣ ሜሪ እንደገና ነፍሰ ጡር ነበረች። እናቷ ይህን ሲሰሙ ለአማቻቸው ጠንከር ያለ የተግሣጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ አንዲት ሕፃን ሞታ እያለ፣ የልጃቸው ፊት ገና ሳይድን፣ እንዴት እርጉዝ ሴትንና ሕፃናትን በዱር ታንከራትታለህ ብለው ወቀሱት። እሱ ግን ሐሳቡን አልለወጠም።

በዚያ ጉዞ ላይ መንገድ መሪያቸው አቅጣጫ ስቶ ጥሏቸው ጠፋ። በሠረገላው የተጫነውን ውሃ ከአሽከሮቹ አንዱ አባክኖት ነበር። የቀረችው ጥቂት ለልጆቹ ተቆጠበች፤ እሷም አለቀች። ልጆቹ ውሃ ውሃ እያሉ ያለቅሱ ነበር። ሜሪ ባሏን አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረችውም፤ ዓይኗ ብቻ እንባ ያቀር ነበር። ውሃ ፍለጋ ከሄዱት ሰዎች አንዳንዶቹ በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ይዘው ደረሱላቸው።

ከዚያ በኋላ ረግረጋማው አገር ተጀመረ። በአንድ ሌሊት ትንኝ ሳትነክሰው የቀረ የጣት ጫፍ የሚያህል ቦታ በልጆቹ ገላ ላይ አልተገኘም። የቆላ ዝንብ ከ40 በላይ በሬዎቻቸውን በገንዲ ፈጀባቸው። ቾቤ ወንዝ ሲደርሱ የማኮሎሎ ሕዝብ አለቃ ሴቢትዋኔ በደስታ ተቀበላቸው፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ታሞ ሞተ። ሊቪንግስተንና ጓደኛው ኦስዌል የዛምቤዚን ወንዝ ለማየት በፈረስ ሲሄዱ ሜሪ ልጆቿን ይዛ በሰፈሩ ቆየች። በመልስ ጉዞ፣ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1851፣ ዙጋ በሚባለው ወንዝ ዳር ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ በዚያ በደግ ጓደኛቸው ስም ኦስዌል ተባለ።

ሰው አገር

ከዚህ በኋላ ሊቪንግስተን ቤተሰብ ይዞ መጓዝ እንደማይቻል አመነ። ሜሪና አራቱ ልጆች ወደ ብሪታንያ እንዲሄዱ፣ እሱም ሁለት ዓመት ገደማ ብቻ ቆይቶ እንዲከተላቸው ተወሰነ። ኬፕታውን ሲደርሱ ልብሳቸው አልቆና ዘመኑ ያለፈበት ነበር፤ የሚለብሱትን የገዛላቸው ኦስዌል ነው። ኤፕሪል 23 ቀን 1852 መርከቡ ተነሣ። ሮበርት 6 ዓመቱ፣ አግነስ 4፣ ቶማስ 3፣ ኦስዌል ደግሞ የ7 ወር ሕፃን ነበር።

ሰዎች ሜሪ ወደ አገሯ ተመለሰች አሉ። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነበር። እሷ በሕይወቷ ብሪታንያን ያየችው ከ18 እስከ 22 ዓመቷ ድረስ ብቻ ነው፤ ልጆቿ ደግሞ ጭራሽ አያውቋትም። ለእነሱ አንበሳና ጅብ ያለበት ዱር ሰፈራቸው ነበር፤ እንግዳ የሆነባቸው የከሰል ጭሱ፣ ብርዱና ድንጋይ ላይ ድንጋይ የተደረደረበት ከተማ ነው። ዕቃ ቆጥባ የምትጠቀመው፣ ከምንም ነገር ሳሙና የምትሠራው ሴት፣ ሁሉ ነገር በገንዘብ የሚገዛበት አገር ገባች፤ ገንዘብ ግን አልነበራትም።

መጀመሪያ ያረፈችው ስኮትላንድ ውስጥ ሃሚልተን፣ ከባሏ ወላጆች ቤት ነበር። አልተግባቡም። በጥቂት ወራት ውስጥ ልጆቿን ይዛ ወጣች። ከዚያ በኋላ በማንቸስተር፣ በኬንዳል፣ በኤፕሶም እየተዘዋወረች በኪራይ ክፍልና በሰው ቤት ኖረች። የባሏ ዓመታዊ ደመወዝ 100 ፓውንድ ነበር፤ የሚከፍለውም ለንደን ያለው የሚስዮን ማኅበር ነው። ሜሪ ለኪራይ፣ ለሐኪም፣ ለልጆች ጫማ ሲያንሳት ለማኅበሩ ኃላፊ ደብዳቤ ጽፋ መለመን ነበረባት።

ኬንዳል ላይ አንድ የክዌከር ቤተሰብ ታማ ሳለች ተቀብሎ አስታመማት። በእነዚያ ዓመታት ከተነገሩት ጥቂት መልካም ነገሮች አንዱ ይህ ነው። በሌላው ጊዜ ብቸኝነቱ በረታባት። የሕይወት ታሪኳን ያጠኑ ሰዎች እንደሚሉት መጠጥ መያዝ ጀመረች፤ እምነቷም ተናወጠ። ሁለት ዓመት የተባለው ከአራት ዓመት ተኩል በላይ ሆነ። በዚያ መካከል ኮሎቤንግ ያለው ቤታቸው በ1852 በቦኤሮች ወረራ ተዘረፈ፤ ስለዚህ የምትመለስበት ቤትም አልቀረላትም። ሊቪንግስተን በዲሴምበር 1856 ሲመለስ የአገር ጀግና ሆኖ ነበር፤ በ1857 ያወጣው የጉዞ መጽሐፍም በብዛት ተሸጦ ዝናና ገንዘብ አመጣለት።

ሹፓንጋ

በማርች 1858 ሜሪ ባሏን ተከትላ ወደ ዛምቤዚ ለመሄድ እንደገና መርከብ ተሳፈረች። ትንሹን ኦስዌልን ይዛ ሦስቱን ትልልቅ ልጆች ትታ ሄደች። በመንገድ ላይ ማርገዟን አወቀችና ኬፕታውን ላይ ወረደች፤ ባሏ ጉዞውን ቀጠለ። እሷ ወደ ወላጆቿ ኩሩማን ሄዳ በኖቬምበር 1858 አና ሜሪን ወለደች። አባትየው የልጅቷን መወለድ የሰማው ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ሜሪ ከዚያ ወደ ስኮትላንድ ተመለሰች፤ በ1861 ደግሞ ልጆቿን ሁሉ ለዘመድ አደራ ሰጥታ ወደ ባሏ ጉዞ ጀመረች።

በ1862 መጀመሪያ ዛምቤዚ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ተገናኙ። ሦስት ወር ያህል ብቻ አብረው ቆዩ። ኤፕሪል 27 ቀን 1862 በዛሬዋ ሞዛምቢክ፣ ሹፓንጋ በሚባል ቦታ፣ በወባ ሞተች። ዕድሜዋ 41 ነበር። ግንደ ግዙፍ በሆነ የባኦባብ ዛፍ ሥር ተቀበረች። ሊቪንግስተን አምርሮ አለቀሰ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞትን እንደተመኘም በማስታወሻው ጽፏል። ከዚያ በፊት በመጽሐፉ ኮሎቤንግ ሳለ ከልጆቹ ጋር የሚጫወትበት ጊዜ ባለመስጠቱ እንደሚቆጭ ገልጾ ነበር።

የበኩር ልጇ የሮበርት መጨረሻ ከሁሉ ያሳዝናል። በየትምህርት ቤቱና በየዘመዱ ቤት ሲንከራተት አደገ፤ አባቱን ፍለጋ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ፤ አላገኘውም። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ስሙን ለውጦ በእርስ በርስ ጦርነቱ ውስጥ ወታደር ሆነ። በ1864 መጨረሻ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ በምርኮ እንዳለ ሞተ። ገና 18 ዓመቱ ነበር። ማ ሮበርት የተባለችበት ልጅ የተቀበረው በማንም ስም በማያውቁት ሰዎች መካከል ነው።

ከሒሳብ መዝገብ ጎን ሲታይ

እኔ ሙያዬ ሒሳብ ነው። ይህን ታሪክ ሳነብ ዓይኔ ያረፈው 100 ፓውንዷ ላይ ነው። በዚያ መዝገብ ላይ የሠፈረው የአንድ ሰው ስም ነበር። ሳሙናው፣ ዳቦው፣ ስፌቱ፣ የ100 ሕፃናት ትምህርት በየትኛውም ዓምድ ላይ አልተጻፈም። በኮሎቤንግ ሳለች ይህ ብዙ አልጎዳትም፤ ሥራዋን የሚያይ ጎረቤት ስለነበራት። ብሪታንያ ስትገባ ግን የሠራችውን ያየ ማንም አልነበረም። ስለዚህ ጠያቂ ብቻ ሆና ቀረች። ያልተመዘገበ ሥራ ችግር ሲመጣ እንዳልተሠራ ይቆጠራል፤ ይህን በየቢሮውም በየቤቱም የምናየው ነው።

በእርግጥ በረሃው ልጇን ቀምቷታል፤ ወባውም በመጨረሻ እሷን ገድሏታል። ይህን ማቃለል አይገባም። ቢሆንም በካላሃሪ ሞት በደጇ ቆሞ እያለ ተስፋ ያልቆረጠች ሴት፣ አውሬ በሌለበት፣ ውሃ በሞላበት ከተማ ውስጥ ተስፋ ቆረጠች። ልዩነቱ ሦስት ነገር ይመስለኛል፤ በስሟ የሚገባ ገንዘብ፣ የሚታይ ሥራና የሚያውቃት ጎረቤት።

ስለዚህ ከመካከላችን ልጅ ይዛ የምትሄድ እህት ስትኖር ከምንሰጣት በርበሬና ሽሮ ጎን ሌላም ነገር እንጨምር። በራሷ ስም የባንክ ደብተር ይኑራት፤ ባሏ ጥሩ ሰው ቢሆንም፣ ጥሩ ሰውም ሊዘገይ ይችላልና። የምትችለው ሙያ ማስረጃው በእጇ ይኑር፤ ስፌትም ይሁን ሕፃናት መጠበቅ ወይም ምግብ ማብሰል። የሚመለስበት ቀን የተነገራት ሰው ቢዘገይ ወደ ማን እንደምትደውል አስቀድማ ትወቅ።

በውጭ አገር ያላችሁ አባሎቻችንና ደጋፊዎቻችን ደግሞ ከገንዘባችሁ ሌላ የምትሰጡት አለ። በከተማችሁ አዲስ የመጣች ልጆች ያሏት እናት ካለች፣ ዘመዶቿ ጋ መጣች ብላችሁ አትተዉአት። ሜሪም ዘመዶቿ ጋ ነበር የሄደችው። አንድ ቀን ሄዳችሁ በሯን አንኳኩ፤ ልጆቿን በስም ጠይቁ፤ ትምህርት ቤቱንና ሐኪም ቤቱን አሳዩአት። የኬንዳሉ ቤተሰብ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ሲነገርላቸው ይኖራል።